መንገደኛው እስኪገባ

ያብስራ ሻንጣውን ሚዛኑ ላይ አውጥቶ ቁጥሩን አየና ራሱን ነቀነቀ።

«አያልፍም» አለ።

«ምን ማለት ነው አያልፍም? በሶ እኮ ነው! በሶ ምን ይመዝናል?» አለች ሶሊያና ወገቧን ይዛ።

«በሶው መች አስቸገረኝ? በሶው ላይ በርበሬ፣ በርበሬው ላይ ሽሮ ደራርበሽ አመጣሽው እንጂ። አንዱን ቀንሺ።»

«ከሳሎንህ ለማይወጣ ሻንጣ!»

«ሕግ ነው፣ ሶሊ።»

እያጉረመረመች ሽሮውን አወጣች። በየሳምንቱ ይጨቃጨቃሉ፤ በየሳምንቱም የምትሸነፈው እሷ ናት። ሻንጣው የትም እንደማይሄድ ሁለቱም ያውቃሉ። ነገ ጠዋት ሶሊያና በሶዋን መልሳ ትወስዳለች፤ ሴኡል ያለችው እህቷ ግን ማታውኑ ደውላ «ደርሶኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ» ትላታለች። በከተማው እንዲህ የማያደርግ ቤት የለም ማለት ይቻላል። ረጅሙ በረራ ከቆመ ወዲህ ሰው ለዘመዱ ዕቃ የሚልከው በዚህ ዓይነት ነው። ዕቃው መሄድ ባይችልም መላኩ አይቅር ተባለ፣ ሳይቀር ኖረ።

በረራው ሲቆም ለአንድ ክረምት ነው ተብሎ ነበር። መጀመሪያ የሌሊቱ ተቀነሰ፣ ቀጥሎ ውቅያኖስ የሚያቋርጠው፣ በመጨረሻ ከናይሮቢ የራቀው ሁሉ። ነዳጁ ነው አሉ፤ አየሩ ነው አሉ፤ ብቻ ቆመ። በድሮው ማኮብኮቢያ ላይ ዛሬ ቅዳሜ ቅዳሜ የበግ ገበያ ይውላል፤ ሻጩም ገዢውም ነጩን መስመር ይዞ ይሰለፋል። ሩቅ አገር ያለ ዘመድ በስክሪን ይታያል፣ ይሰማል፣ አይዳሰስም። መሄድ አለብኝ ያለ ጅቡቲ ወርዶ መርከብ ይጠብቃል፤ መርከቧም ልቡን መርምራ ደህና የሆነውን ብቻ ነው የምትጭነው።

የያብስራ ሚስት ሀሴት ልቧ ደህና አልነበረም። ሴኡል የሄደችው ልጃቸው ማራናታ ስትወልድ አራሷን ልትጠይቅ፣ ገንፎ ልታገነፋላት፣ ክረምቱ ሳይገባ ልትመለስ ነበር። ሰማዩ እዚያው እያለች ተዘጋ። ያን ጊዜ በፎጣ የተጠቀለለው የልጅ ልጅ ዛሬ ጢሙን ይላጫል።

ያብስራ ራሱ አብራሪ ነበር። አብራሪ ሲባል ታዲያ የጅማና የባሕር ዳር አብራሪ ነበር፤ ቁርሱን አዲስ አበባ በልቶ ለምሳ ቤቱ የሚገባ። ለረጅሙ በረራ ሥልጠና ተራ ይዞ ሳለ ረጅሙ በረራ ራሱ ቀረ። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበዋል። ሚስቱን ይዞ የሄደውን አውሮፕላን ያበረረው ሌላ ሰው ነው። እሱ በመስታወት በኩል እጁን እያውለበለበ ቀርቷል።

ጡረታ ሲወጣ የበረራ ማስመሰያ ሲሙሌተር ገዝቶ ሳሎኑን ኮክፒት፣ የአብራሪ ክፍል፣ አደረገው። ሶፋው ተሸጠ፣ ቡፌው ለጎረቤቱ ለሶሊያና ተሰጠ፣ መስኮቶቹ በስክሪን ተሸፈኑ። ጎሮ ኮንዶሚኒየም ውስጥ መጀመሪያ ሰው «አበደ» ብሎት ነበር፤ አሁን ግን «ካፒቴን» ይሉታል። እንዲህ ያደረገ እሱ ብቻ አይደለም፤ በየአገሩ ብጤዎቹ አሉ፣ ማኅበርም አላቸው። የማኅበሩ ሕግ አጭር ነው፦ በእውነት ተበርሮ የሚያውቅ በረራ ብቻ ይበረራል። የዚያ ቀን ነፋስ፣ የዚያ ቀን ደመና፣ የዚያ ቀን መዘግየት፣ እንዳለ። ማፍጠን የለም፣ ማቆም የለም። ቀን ሙሉ የፈጀ በረራ ቀን ሙሉ ይፈጃል። የሙምባይን ሰማይ የሚቆጣጠሩት ሙምባይ ቤታቸው የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ የሴኡልን ደግሞ አንዲት ድምፀ መልካም ሴት። አንዳቸውንም በአካል አይቷቸው አያውቅም።

ሴኡል ገብቶ ሞተሩን ሲያጠፋ ስልኩ ይጮሃል። ሀሴት ናት። እሷ ጋ መሽቷል፤ አትተኛም፣ ትጠብቀዋለች። «እንኳን በደህና ገባህ» ትለዋለች፤ ቀጥላም «ምን አመጣህልኝ?» እሱ ሻንጣውን ከፍቶ አንድ በአንድ ያሳያታል። ከዚያ በፊት አይደዋወሉም። መንገደኛ ነዋ! ስልኩን ገና ሲነሳ ለሶሊያና ነው የሚሰጣት።

የዛሬው በረራ ግን ከሌላው ቀን ይለያል። ያብስራ ስንት ዓመት ሲፈልገው የኖረውን፣ ሀሴትን ይዞ የሄደውን የዚያን ቀን በረራ አግኝቷል። ባለፈው ሲነግራት ሳቀች።

«እንዳታስፈራኝ ታዲያ» አለችው። «ያን ቀን እኮ ከተማዋ በጭጋግ ተሸፍና ሰማይ ላይ ስንዞር ነበር። ስንዞር ስንዞር ሆዴ ሲታወክ አንተን ነበር የምጠራው። እሱ ይዞት ቢሆን ኖሮ ያወርደን ነበር እላለሁ።»

«አሁን ይዤዋለሁ» አላት።

«እንግዲያስ ለባብሼ እጠብቅሃለሁ።»

ከመሪው ኋላ ሁለት የመንገደኛ ወንበሮች አሉ። በመስኮቱ በኩል ያለው የሀሴት ነው፤ ማንም አይቀመጥበትም። ከጎኑ ያለው የኪሩቤል ነው። ኪሩቤል ሦስተኛ ፎቅ የሚኖር ጡረተኛ መምህር ነው፤ አንድም በረራ አምልጦት አያውቅም። ትራሱን፣ ወፍራም ካልሲውን፣ መድኃኒቱን ይዞ ይመጣል፤ ቀበቶውን ያስራል፣ ይተኛል፣ ሲነቃ ስለ ምግቡ ያማርራል።

«ዛሬስ ምንድን ነው የምትሰጡን?» አለ ገና ሳይነሱ።

«ዶሮ ወይም ፓስታ።»

«ባለፈውም ዶሮ ብላችሁ ፓስታ ነው ያበላችሁኝ። እናንተ ሰዎች ደንበኛ አታከብሩም።»

ተነሱ። በሩ ላይ ሊሸኙ የቆሙት ጎረቤቶች «በሰላም ግባ! በሰላም ግባ!» እያሉ እጃቸውን አውለበለቡ። አውሮፕላኑ ከማኮብኮቢያው ተላቀቀ። ስክሪኑ ላይ ከተማው ወደ ታች ሸሸ፣ እንጦጦ በግራ በኩል ቀረ።

ባሕሩን ተሻገሩ። ያብስራ በየመሐሉ ዞር እያለ ባዶውን ወንበር ያያል። እዚህ ጋ ስትደርስ ጫማዋን አውልቃ ይሆናል። እዚህ ጋ ስትደርስ ደግሞ አጠገቧ የተቀመጠውን ሰው ስለ ልጇ እያወራች አድክማው ይሆናል፤ ዝም ማለት ሀሴት የት ታውቅና! ያን ቀን ነፋሱ ከኋላ ነበር፤ አሁንም ከኋላ ነው። እሷን የገፋት ነፋስ እኔን እየገፋኝ ነው ብሎ ሲያስብ ደስ አለው። በእውነት ደስ አለው። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት እንዲህ የቀረባት መስሎት አያውቅም።

ሙምባይ ላይ ሽማግሌው ተቆጣጣሪ ሰላም አሉት፣ ስለ ጉልበታቸው ሕመም ትንሽ አወሩለትና አሳለፉት። የምሳ ሰዓት ሆነ። ምሳውን የምታቀርበው ሶሊያና ናት፤ ዛሬ ግን ዘገየች። ኪሩቤል ሊጠራት ወጣና እሱም በዚያው ቀረ። ለያብስራ ከግድግዳው ወዲያ ሰዎች የሚንሾካሾኩ መሰለው። የሶሊያና ልጅ ናታኒም «ጨዋታ እኮ ነው!» ሲል ሰማ፤ እሷ «ዝም በል!» ስትለው ሰማ። ያብስራ ከፋው። ናታኒም ትልቅ ሰው ሆኖ፣ ትዳር ይዞ፣ ዛሬም በዚህ በረራ ማሾፉን አልተወም።

በመጨረሻ ሁለቱም መጡ። ሶሊያና ሳህኖቹን አስቀምጣ ቀና ብላ ሳታየው ወጣች። ነጠላ ለብሳለች። ጠዋት አልለበሰችም ነበር።

«ዶሮ ነው እኮ፣ ኪሩ» አለ ያብስራ። «ዛሬስ ቀንቶሃል።»

«ይቅርብኝ።»

«ምነው?»

«አላሰኘኝም።»

ኪሩቤልን ምግብ አላሰኘውም! ያብስራ ሊቀልድበት አሰበና ተወው፤ አርጅተናል መቼስ አለ በሆዱ። ምሳውን ብቻውን በላ።

ቻይና ላይ ደርሰው ከታች ደመና ብቻ በሚታይበት ሰዓት፣ ግቢው ውስጥ መኪና ቆመ። ሰዎች ወረዱ። ከዚያ ብረት በብረት ላይ ሲወድቅ ተሰማ፣ ሌላም ተከተለው።

«ቀስ በሉ እንጂ!» አለች ሶሊያና ከውጭ። «ሰውየው ገና አልገባም እኮ!»

ያን የብረት ድምፅ የማያውቅ የእድር አባል የለም። የድንኳኑ ቋሚ ነው። ያብስራ ራሱ በትከሻው ስንቴ ተሸክሞታል። ማን ሞተ? አለ በልቡ። በሕንጻው ውስጥ ያሉትን በሽተኞች በሐሳቡ አንድ በአንድ ዞራቸው፤ ሁሉም ጠዋት በሩ ላይ ቆመው ሸኝተውታል። ሰውየው ገና አልገባም። የትኛው ሰውዬ?

እጁ ከመሪው ላይ ወረደ። አውሮፕላኑ ምንም አልሆነም፤ ራሱን ችሎ መብረሩን ቀጠለ።

ዞሮ ኪሩቤልን አየው። ዓይኑን ጨፍኖ የተኛ መስሏል፤ ኪሩቤል ሲተኛ ግን ያንኮራፋል፣ አሁን ትንፋሹም አይሰማም። ጉንጩ ርሷል።

ያብስራ አልጠየቀም። ቢጠይቅም አይነግሩትም። መንገድ ላይ ላለ ሰው መርዶ አይነገርም፤ ቤቱ ገብቶ፣ አረፍ ብሎ፣ ወዳጅ ዘመድ ከቦት ነው። በጅማው በረራ ዘመን ዘመዶቹ «አደራ፣ እስኪገባ እንዳይሰማ» ያሉትን ስንቱን መንገደኛ ምንም እንዳልተፈጠረ ፈገግ እያለ አድርሷል። ያ ፈገግታ ለተሳፋሪው ምን እንደሚመስል ዛሬ አየው፤ ምሳውን ሳታየው አስቀምጣ የወጣች ሴት ይመስላል።

በእርግጥ ሳሎኑ ውስጥ ነው፤ ክንዱን ቢዘረጋ በሩን ሊነካው ምንም አይቀረው። ናታኒም ያለውም ይህንኑ ነው። ሶሊያናና ሌሎቹ ግን በየሳምንቱ በሰላም ግባ እያሉ ሸኝተውታል፣ በየሳምንቱ ሻንጣ አስይዘውታል። ዛሬ ተነስተው ጨዋታ ነበር ሊሉት አልቻሉም። ለእነሱ መንገድ ላይ ነው፤ መንገድ ላይ ከሆነ ደግሞ ይጠበቃል።

ይህን ሲያስብ ሌላ ነገር ገባው። ካልገባ አይነግሩትም። ካልነገሩት ሀሴት አሁንም ለባብሳ እየጠበቀችው ነው።

ሴኡል ላይ ጭጋጉ እንደዚያን ቀኑ ጠበቃቸው። እንደዚያን ቀኑ ዞሩ። ሀሴትን ያስፈራት ይህ ነበር፤ ከታች ነጭ፣ ከላይ ጥቁር፣ የክንፉ መብራት ብቻ ብልጭ ድርግም የሚልበት። ያ አብራሪ የዞረውን ያህል ያብስራም ዞረ። ከዚያ ጭጋጉ በሰዓቱ ተነሳ።

«ካፒቴን፣ መውረድ ትችላለህ» አለችው የሴኡሏ ተቆጣጣሪ።

«ትንሽ ልዙር።»

«ያን ቀን የወረደው አሁን ነው።»

«አውቃለሁ።»

ያብስራ የማኅበሩን ሕግ ሲጥስ ይህ የመጀመሪያው ነው፣ እሷም ታውቃለች። «እሺ» አለችው። «ሰማዩ ላይ ካንተ በቀር ማንም የለም።»

ዞረ። ከተማዋ ከታች መብራቷን አብርታ ተዘርግታለች። ከእነዚያ መብራቶች አንዱ የማራናታ ቤት ነው። እዚያ ውስጥ አንዲት ሴት አረንጓዴ ቀሚሷን ለብሳ፣ ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ «ዛሬስ ምነው ዘገየ» ትላለች። በዞረ ቁጥር አያት። ናፈቀችው። በየሳምንቱ እየበረረ፣ ሻንጣ እየከፈተ፣ እየሳቀ ሲያስታምመው የኖረው ናፍቆት ሁሉ ተጠራቅሞ ደረቱ ላይ ተቀመጠ። እጇን አንድ ጊዜ ለመያዝ፣ የጣቷን ቀለበት በአውራ ጣቱ ለማዞር፣ ምኑን አይሰጥም ነበር! በስክሪን ሲያያት እጇ ሁልጊዜ ከሥር ተቆርጦ ነው የሚቀረው።

የነዳጁ መብራት ቢጫ ሆነ። ነዳጁ እውነተኛ ነዳጅ አይደለም፤ ሲሙሌተሩ ግን ያን ቀን ታንከሩ ውስጥ ከነበረው አንድ ሊትር እንኳ አልጨመረለትም።

ግቢው ጸጥ ብሏል። ድንኳኑ ተተክሎ አልቋል። ብዙ ሰው ተቀምጦ ዝም ሲል የሚፈጠር ጸጥታ ነው፤ አልፎ አልፎ አንድ ሰው ብቻ ያስላል።

«ያብስራ» አለ ኪሩቤል።

«ካፒቴን በል። ሥራ ላይ ነኝ።»

«እሺ፣ ካፒቴን። ነዳጅ አለን?»

«ትንሽ።»

«ታዲያ ለምን አታወርደንም?»

«ካወረድኳችሁ...» አለ ዓይኑን ከመብራቶቹ ሳይነቅል። «ካወረድኳችሁ ትነግሩኛላችሁ።»

ኪሩቤል መሐረቡን አውጥቶ አፍንጫውን ጠረገ። «አናጣድፍህም» አለ። «እስክትገባ ማንም ምንም አይልህም። እኔም ከዚህ ወንበር አልነሳም፤ ብቻህን አትዞርም፣ ወንድሜ።»

መብራቱ ቀይ ሆነ። ያብስራ ባሕሩን አየው። እዚያ ጥቁር ውሃ ውስጥ ቢገባ ስክሪኑ ይጠፋል እንጂ ሌላ የሚሆን ነገር የለም። ብቻ አይደርስም። ያልደረሰ ሰው ደግሞ ዕድሜ ልኩን መንገደኛ ነው፤ ማን ደፍሮ ይነግረዋል? እጁን ከመሪው ላይ ማንሳት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። አማረው። እውነቱን ለመናገር በጣም አማረው።

እጁን ሊያነሳ ሲል ዞሮ ባዶውን ወንበር አየ።

ይህ የሀሴት በረራ ነው። ሀሴት በዚህ በረራ ደርሳለች። ሻንጣዋን እየጎተተች ወጥታለች፣ ልጇን አቅፋለች፣ ገንፎ አገንፍታለች፣ የልጅ ልጇን በሞቀ ውሃ አጥባለች፣ ስንት ዓመት ኖራለች። እሱ አሁን ባሕር ውስጥ ሊከታት ነው? እሱ ይዞት ቢሆን ኖሮ ያወርደን ነበር ብላዋለች። ይኸው ይዞታል።

«አይዞሽ» አላት ወንበሩን። «እንወርዳለን።»

የድምፅ ማጉያውን ከፈተ። «ክቡራን መንገደኞች፣ ሴኡል ልንገባ ነው። ቀበቷችሁን እሰሩ። ስላዘገየኋችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ።»

የኪሩቤል ቀበቶ ቀጭ ሲል ሰማ። ጎማውን ዘረጋ፣ መብራቶቹ መሐል መስመሩን ያዘ። ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ አድርጎ አውርዶ አያውቅም፤ ጎማው መሬት ሲነካ ኪሩቤል አልተሰማውም። እየተንከባለለ የአየር ማረፊያው በር ድረስ ሄደ፣ ቆመ፣ ሞተሮቹን አንድ በአንድ አጠፋ።

ስልኩ የሚጮኸው በዚህ ሰዓት ነበር። ከግድግዳው ወዲያ፣ ሶሊያና እጅ ላይ፣ ስልኩ ዝም አለ። ድንኳን ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ያዳምጥ የነበረው ያንን ዝምታ ነው።

ያብስራ ኮቱን ለበሰ፣ ባርኔጣውን አጠለቀ፣ የሶሊያና በሶ ያለበትን ሻንጣ አነሳ። ሻንጣው ከሳሎኑ ወጥቶ አያውቅም። ኪሩቤል ቀድሞ ሄዶ በሩን ከፈተለት።

ግቢው ውስጥ ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። ሲያዩት ሁሉም ብድግ አሉ። ጠዋት የሸኙት ናቸው፤ ናታኒም እንኳ ራሱን ደፍቶ ከመሐላቸው ቆሟል። ሶሊያና ከፊት ናት። የእድሩ ሰብሳቢ ስለሆነች መርዶ መንገር የእሷ ድርሻ ነው፤ ስንት ቤት ነግራለች፣ ምን እንደሚባል ታውቃለች።

ያብስራ ሻንጣውን መሬት ላይ አስቀመጠና ቀና ብሎ አያት።

«ገባሁ» አለ።

ሶሊያና አፏን ከፈተች። የምታውቀው ቃል ሁሉ ጠፋባት። ስልኩን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ፣

«እንኳን በደህና ገባህ» አለችው፤ ድንኳኑም በአንድ ድምፅ አለቀሰ።